ሙቀጫው፣ ክኒኑና አብሹ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ቡናዬን ሳላፈላ የአጥሩ በር በኃይል ተደበደበ። «ሲስተር! ሲስተር! እማማን ይዩልኝ!» የምትጮኸው እማማን የምትንከባከባቸው ልጅ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ለሰፈሩ ግን አልወጣሁም። ነጠላዬን ደርቤ፣ የግፊት መለኪያዬንና የስኳር መለኪያዬን ይዤ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል በእኔ ጉልበት ነው።

እማማ 79 ዓመታቸው ነው። ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ግንባራቸው በቀዝቃዛ ላብ ርሷል። ዓይናቸው ተገልጧል፣ ስሜን ግን አላወቁትም። ግፊታቸውን ስለካ 80 በ45። እኚህ ሴት እኮ ከ150 ወርደው የማያውቁ ናቸው! ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን አየሁ፤ 54። አጋደምናቸው፣ እግራቸውን በትራስ ከፍ አደረግን። መዋጥ መቻላቸውን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ጥቂት ውኃ በማንኪያ አቀመስኳቸው፤ ዋጡ። ከዚያ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ቀስ እያልኩ አጠጣኋቸው። (ይህን ልብ በሉልኝ፤ ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ማርም ቢሆን። ወደ ሳንባ ይገባል።) በሩብ ሰዓት ውስጥ «ምነው ቤቱን ሞላችሁት?» አሉን። ስኳሩ ተመለሰ ማለት ነው። ግፊቱ ግን አልነሣ አለ፤ መኪና ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፣ አንድ ሌሊት አድረው ተመለሱ።

እኔ በመሐል ጓዳ ገባሁ። ነርስ የነበረ ሰው ልማዱ ነው፤ ምን እንደበሉ፣ ምን እንደጠጡ፣ ምን እንደዋጡ ያያል። ጠረጴዛው ላይ ኮረሪማ የሚወቀጥባት ትንሿ የነሐስ ሙቀጫ ነበረች። ውስጧን በጣቴ ጠረግ ሳደርገው የኮረሪማ ሽታ ያለው ነጣ ያለ ዱቄት ወጣ። አጠገቧ አንድ ብርጭቆ፣ በሥሩ ቢጫ ልጋግ የመሰለ ነገር ያለበት። አብሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እማማ ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ «ክኒኑ አልወርድ አለኝ» ይላሉ። ልጅቷ አዝናላቸው ከሳምንት በፊት መውቀጥ ጀመረች። ሁለቱንም ክኒን፣ የግፊቱንም የስኳሩንም፣ ደቁሳ በሙቅ ውኃ በጥብጣ ትሰጣቸዋለች። የልጅ ልጃቸው ደግሞ አብሽ ስኳር ያወርዳል የሚል በስልኳ ላይ አይታ፣ ማታ ተዘፍዝፎ የሚያድር የአብሽ ውኃ በባዶ ሆድ እንዲጠጡ አድርጋለች። ሦስተኛው ነገር ቅዳሜ ዕለቱ ጾም መሆኑ ነው፤ እማማ ክኒኑን ወስደው እህል ሳይቀምሱ ቆይተዋል። በዚያ ቤት አንድም ክፉ ሰው የለም። ሁሉም የሠሩት በፍቅር ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ለወቀሳ አይደለም።

በግፊቱ ክኒን ልጀምር። የእማማ መድኃኒት ኒፌዲፒን ይባላል፤ ማሸጊያው ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ሪታርድ» የሚል ቃል አለበት። ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያልፈዋል። ትርጉሙ ግን መድኃኒቱ ቀስ እያለ እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው ማለት ነው። ክኒን ሁሉ ኖራ የተጠፈጠፈ ዱቄት ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ «ይህ መድኃኒት በስንት ሰዓት፣ ከአንጀት በየትኛው ክፍል፣ በምን ያህል መጠን ይውጣ?» ብሎ ተጨንቆበታል። አንዳንዱ መድኃኒቱን እንደ ሙጫ ከሚያብጥ ነገር ጋር ይለውሰዋል፤ ውኃ ሲነካው ያብጥና መድኃኒቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሾለከ ይወጣል። አንዳንዱ ክኒኑን ከላይ በስስ ሽፋን ይለብጠዋል። የግማሽ ቀን ወይም የሙሉ ቀን መድኃኒት አንድ ክኒን ውስጥ ተሸክፎ የሚቀመጠው በዚህ መንገድ ነው። ሙቀጫ ውስጥ ሲገባ ያ ሁሉ ሥራ ይፈርሳል። ለአሥራ ሁለት ሰዓት የታሰበው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል። የደም ሥር በአንዴ ይለቃል፣ ግፊት ይወርዳል፣ አንጎልና ልብ ደም ያጥራቸዋል። ከዚያ ደግሞ ማታ ላይ መድኃኒቱ አልቆ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። የተወቀጠ ክኒን ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ይህን ለሌላ ሰው ብቻ የማወራ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ድንገተኛ ክፍል ስሠራ፣ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው ሲመጣ የምናደርገው ነገር ነበር። ያን ጊዜ ኒፌዲፒን ውስጡ ፈሳሽ ባለው ለስላሳ ካፕሱል ይመጣል። ካፕሱሉን በመርፌ ጫፍ ቀዳ አድርገን ከበሽተኛው ምላስ ሥር እንጨምቀዋለን። በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱ ሲወርድ እናያለን፤ እኛም ደስ ይለናል፣ ቤተሰቡም ይመርቀናል። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሐኪሞች በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህ አሠራር ይቁም ብለው ጻፉ፤ ግፊቱ እንዲያ በድንገት ሲወድቅ አንጎላቸውና ልባቸው የተጎዳ፣ የሞቱም ሰዎች ነበሩና። ወደ እኛ ዘንድ ወሬው የደረሰው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ካፕሱሉን ከጨመቅሁላቸው በሽተኞች መካከል አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ግፊታቸው ወርዶ ወደ ዋርድ ከተላኩ በኋላ በማግስቱ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። «በሽታው ነው» ተባለ። ምናልባትም በሽታው ነው። እኔ ግን ያንን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ እንደዚያ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የእማማን ሙቀጫ ሳይ ልቤ የዘለለው ለዚህ ነው።

ሌሎችም የማይወቀጡ አሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ከስሙ ኋላ «ኤስ አር»፣ «ኤክስ አር»፣ «ኢ አር»፣ «ኤክስ ኤል» ወይም «ሪታርድ» የተጻፈበት ሁሉ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ነው። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን በሁለቱም ዓይነት አለ፤ ተራውም፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውም። እግረ መንገዴን፣ «ክኒኑ ሳይሟሟ ከሰገራ ጋር ወጣ፣ አልሠራልኝም» ብላችሁ የደነገጣችሁ አባቶች አላችሁ። ያያችሁት ቅርፊቱ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ወጥቶ ባዶው ቀርቶ ነው። ድጋሚ ክኒን አትዋጡ። ጨጓራን እንዳይጎዳ ወይም በጨጓራ አሲድ እንዳይበላሽ የተለበጠም አለ፤ ለልብ የሚሰጠው አስፒሪን ብዙውን ጊዜ ይህን ሽፋን የለበሰ ነው። ኦሜፕራዞል ካፕሱል ሲከፈት እንደ ጤፍ ያሉ ትንንሽ ፍሬዎች ይታያሉ፤ እያንዳንዷ ፍሬ የራሷ ሽፋን አላት፣ ብትደቀቅ አሲዱ ያጠፋታል። ከምላስ ሥር እንዲቀመጥ የታዘዘ የልብ ሕመም ክኒን ደግሞ ቢዋጥ ኃይሉ አብዛኛው ጉበት ላይ ይቀራል።

ታዲያ መዋጥ ያቃተው ሰው ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ መነገር አለበት፤ ብዙ ጊዜ መልስ አለው። ሽሮፕ ይኖራል፣ የሚሟሟ ክኒን ይኖራል፣ ወይም ያው ሥራ የሚሠራ፣ ቢደቀቅ ችግር የሌለው ሌላ መድኃኒት ይኖራል። ችግሩ ሽማግሌዎቻችን መዋጥ እንዳቃታቸው ለሐኪም መናገር ያፍራሉ። «ለክኒን ነው እንዴ የማማርረው?» ይላሉ። እናንተ ልጆች ንገሩላቸው።

አዋዋጡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን ክኒን ማታ በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ የተኛ ሰው፣ ክኒኑ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ያቆስለዋል። በብርጭቆ ሙሉ ውኃ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ መቆየት ያስፈልጋል። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት ክኒን በቡና ወይም በሻይ ላይ ከተወሰደ አብዛኛው ሳይጠቅም ይወጣል፤ እርጉዝ ልጃችሁን ከቡናው ዙር ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አርቃችሁ አውጧት። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ወተት ያከሽፋቸዋል። በተቃራኒው ኮአርተም የምንለው የወባ መድኃኒት ቅባት ይፈልጋል። ውስጡ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ቅባት ካላገኘ ወደ ደም በደንብ አይገባም። በባዶ ሆድ ውጦ «ወባው አልለቅ አለኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ወተት ቢሆን፣ በጾምም ከሆነ ዘይት የገባበት ሽሮ ቢሆን፣ ትንሽ ቅምስ አድርጎ መውሰድ ነው።

አሁን ወደ አብሹ ልመለስ።

ሆስፒታል ሐኪሙ ልጅቷን «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቃት። «የለም» አለች። አልዋሸችም። አብሽ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት ነው ብላ አታስብም። ጤና አዳም የቡና ማጣፈጫ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት የወጥ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ የዳቦ ነው። በአርባ ዓመት ሥራዬ ይህን «የለም» ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ! ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። እኔ በኋላ ላይ የተማርኩት «ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሡ ምን ትጠጣላችሁ? ሰው ምን ውሰዱ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ዳማከሴውም፣ ሽፈራውም፣ ከጸበል ቦታ የመጣው ሥርም፣ ከአዋቂ የተገዛው ዱቄትም ይወጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። የባህል መድኃኒት ሥሩ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል የሚል እምነት አለን፤ አዋቂውም ምን እንደሰጠ አይናገር፣ የወሰደውም አይናገር። ሐኪም ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ሲነገረው ይቆጣል። እኔም ወጣት ሳለሁ እቆጣ ነበር። የተቆጡት ሰው ድጋሚ አይነግርም፤ መውሰዱን ግን አይተውም።

አብሽ ስኳር ያወርዳል የተባለው ውሸት አይደለም። ውስጡ ያለው ልጋግ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል፤ ሌሎችም ስኳር ለመቀነስ የሚያግዙ ነገሮች አሉት። ችግሩ የመጣው ከዚያው ነው። እማማ የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ እያለ የሚጎተጉት ክኒን ነው፤ እህል ቢበሉም ባይበሉም ይጎተጉታል። በላዩ አብሽ፣ በላዩ ባዶ ሆድ ሲጨመር ስኳር የሚሄድበት አጣ። ሽፈራውም ስኳርና ግፊት ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እነዚህን በማንኪያ ሙሉ በየቀኑ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፣ ስኳሩንም ቶሎ ቶሎ ይለካ። የሚጾም ደግሞ የክኒኑን ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ለአንዳንዱ ሰው ሰዓቱ ይቀየራል፣ ለአንዳንዱ መድኃኒቱ ይቀየራል፣ አንዳንዱን ደግሞ አትጹም ይሉታል። የንስሐ አባቶችም በሽተኛን ግድ ጹም አይሉም።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ ማንንም አልጎዱም። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በየጠዋቱ እየቆረጠመ ከዋጠ ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ይችላል። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለትም ሰው እንዲሁ አስቀድሞ ይናገር። ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ በሕፃን ቆዳ ላይ ማሰር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውኃ ቋጥሮ ያየሁት ልጅ አለ።

ስለ ጤና አዳም ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። በቡና ላይ ጣል የምትደረግ አንድ ቅንጣት ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለችም። ቅጠሉን በብዛት ጨምቆ መጠጣት ግን ሌላ ነው፤ ማህፀን ያኮማትራል፣ ጉበትንም ኩላሊትንም ያውካል። እርጉዝ ሴት ለሆድ ቁርጠት ብላ የጤና አዳም ጭማቂ አትጠጣ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ፈሶ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቆዳው ይቆጣል፣ ይጠቁራል። ጓሮ ጤና አዳም ሲያጭዱ ውለው እጃቸው ላይ ውኃ የቋጠረባቸው ሰዎች «ለከፈኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የለከፋቸው ቅጠሉና ፀሐዩ ነው።

ኮሶን ያላነሣሁ እንደሆነ አያቶች ይቀየሙኛል። አባቴ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የዚያን ቀን ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እንግዳ አይገባም፤ «ጋሼ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ባለዕዳም ይመለሳል። የኮሶ ዛፍ ሴቴዋ አበባ ደርቃ፣ ተወቅጣ፣ በውኃ ተበጥብጣ በባዶ ሆድ ትጠጣለች። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ያለ ኮሶ አይኖርም ነበር። አውሮፓውያንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኛ ወስደው በመድኃኒት መዝገባቸው አስገብተውታል። ይሠራል፤ ትሉን ያስለቅቃል። ግን ስንት ይጠጣ? የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይለያል፣ ዘንድሮ የተለቀመው ካምና ከቆየው ይለያል፣ የአንዱ ቤት ዋንጫም ከሌላው ይለያል። ትንሽ ሲበዛ ሰውን ያዝለፈልፋል፤ አብዝተው ጠጥተው የዓይናቸው ነርቭ ተጎድቶ የታወሩ ሰዎች እንደነበሩ በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች ጽፈዋል። ዛሬ ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል በክብደት ተለክቶ ይሰጣል። አባቴ እስከ መጨረሻው «ክኒን ትሉን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም» ይል ነበር። አልተሟገትኩትም፤ ክኒኑን ግን በቁርስ ላይ አስቀምጥለት ነበር፣ ይውጠውም ነበር።

ተክል ስለሆነ አይጎዳም የሚለውን ነገር ከልባችሁ አውጡልኝ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ አካባቢ ሰው ሆዱ እያበጠ፣ ጉበቱ እየደረቀ ይሞት ጀመር። ከብዙ ምርመራ በኋላ የተደረሰበት፣ ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም ውስጥ ያለ የጉበት መርዝ ነው። ጉበት ሲጎዳ ቶሎ አይጮህም። ለዚህ ነው ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ሲጠጣ የምፈራው፤ የደከመ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም ነው።

ይህን ስል ደግሞ የአያቶቻችንን ዕውቀት የምንቅ አይምሰላችሁ። ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው አውሮፓ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያዩ ኖሮ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ማን ይነግረን ነበር? ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን የቻይናዋን የወይዘሮ ቱ ዩዩን ታሪክ ነው፤ የኮአርተምም ታሪክ ነውና።

ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለወባ የሚሆን ነገር ከጥንት የቻይና መድኃኒቶች እንድትፈልግ ታዘዘች። አንዱ ተክል በቤተ ሙከራ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሌላ ጊዜ አይሠራም። ግራ ገባት። ከዚያ አንድ ከ1600 ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ ስታነብ፣ ተክሉ በውኃ ተነክሮ ተጨምቆ ይጠጣ ይላል። ይፈላ አይልም! እነርሱ ሲያፈሉት ነበር። ሙቀቱ መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ገባትና በዝቅተኛ ሙቀት ማውጣት ጀመረች፤ ያን ጊዜ ሠራ። ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። ለበሽተኛ ከመስጠታቸው በፊት መርዝ እንዳይሆን ፈርታ፣ እሷና የሥራ ባልደረቦቿ ሆስፒታል ገብተው ራሳቸው ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ከቅጠሉ እስከ ክኒኑ ድረስ ይህን ሁሉ ፈተና አልፏል፤ ምን ያህሉ ይበቃል፣ ምን ያህሉ ይጎዳል፣ ከምን ጋር ይወሰዳል የሚለው ተመልሷል። ያው ተክል ዛሬ ደርቆ እንደ ሻይ ሲሸጥ ታዩ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ አይመክርም፤ በአንድ ስኒ ውስጥ ያለው መድኃኒት መጠኑ አይታወቅም፣ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ወባውን ሳይገድል መድኃኒቱን ያለማምደዋል። የኛ ጭቁኝና አሪቲ ዘመዶቿ ናቸው እንጂ እሷ አይደሉም።

ስለ ሕፃናት ጥቂት ልበል። ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ ከእናት ጡትና ሐኪም ካዘዘው በቀር ምንም አይሰጥም፤ ቅቤም፣ የጤና አዳም ጭማቂም። አያቶች፣ እናንተ «እኛም በዚያ አደግን» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ እኛ አድገናል፤ ያላደጉት ግን መጥተው አይመሰክሩም። የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ቤት ሦስት ሚሊ ሊትር፣ ሌላው ሰባት ይይዛል። ፋርማሲ ሽሮፕ ስትገዙ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁ። የፓራሲታሞል ጠብታና የፓራሲታሞል ሽሮፕ አንድ አይደሉም፤ ጠብታው በትንሽ ፈሳሽ ብዙ መድኃኒት የያዘ ነው፣ የሽሮፑን ልክ ከጠብታው ጠርሙስ የሰጠ ሰው ልጁን ይጎዳል። ለተቅማጥ የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ደግሞ እንዲሟሟ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ማንኪያ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ወይም የጡት ወተት ጠብ ስታደርጉበት በራሱ ይፈርሳል፣ ሙቀጫ አይፈልግም። ተቅማጡ በሁለተኛው ቀን ቢቆምም እስከ አሥረኛው ቀን ይቀጥላል።

በሰፈራችን ካለፈው ወር ወዲህ የጀመርነው ነገር አለ። ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲ የሚሄድ አዛውንት፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ ይሄዳል። ክኒኑን ከነማሸጊያው፣ ዱቄቱን፣ ሥሩን፣ ከአረብ አገር ልጅ የላከችውን የቫይታሚን ጠርሙስ፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ማስታገሻ፣ ሁሉን። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ «ይኸው፣ የምወስደው ይሄ ነው» ይላል። ማብራራት አያሻም፣ ማፈርም የለም። አንድ ጎረቤቴ እንዲህ ሲያደርግ አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት የተለያየ የንግድ ስም እየዋጠ መሆኑ ታወቀ፤ አንዱን ከመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ አንዱን ከግል ክሊኒክ አዘውለት ኖሯል። አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ሽፍታ፣ ማዞር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ያልተለመደ መድማት ካያችሁም «ይለፍልኝ» ብላችሁ አትተኙ፤ ለሰጣችሁ ባለሙያ ተናገሩ። እሱም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት የሚያደርግበት ፎርም አለው። የባህል መድኃኒትም ቢሆን ሪፖርት ይደረጋል።

እማማ ደህና ናቸው። ሐኪማቸው ኒፌዲፒኑን ትቶ አምሎዲፒን አዘዘላቸው፤ እሱ ቢደቀቅም ችግር የለውም፣ በራሱ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ነው። የስኳሩም ክኒን ተቀየረ። አብሹን በወጥና በእርጎ እንጂ በማለዳ በብርጭቆ አይጠጡም። ልጅቷ ለቀናት ስታለቅስ ነበር፤ «ልገድላቸው ነበር» እያለች። ቁጭ አድርጌ ስለ እነዚያ ካፕሱሎች ነገርኳት፤ ከምላስ ሥር ስለጨመቅናቸው። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ለሽማግሌው ቤተሰብ ነገራችኋቸው?» አለችኝ።

አልነገርንም።